ጊታሬ ዝም ሲል የሚሰማው ድምፅ

ባለፈው ዓመት ቀስ ብሎ የሚሄድና በኖታዎቹ መካከል ሰፊ ዝምታ ያለበት አጭር ዜማ በኤሌክትሪክ ጊታር ለመቅረጽ ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ስጫወት ሁሉም ነገር ደህና ይመስል ነበር፤ መልሼ ሳዳምጠው ግን ዝምታ ነው ያልኩት ቦታ ሁሉ በጉምጉምታ ተሞልቶ አገኘሁት። ጣቴን ከክሩ ባነሳሁ ቁጥር ከዜማው ጀርባ የነበረው ጩኸት ወደ ፊት ይወጣል፤ ክሩን ስመታ ደግሞ ተመልሶ ይደበቃል። ድምፁን የሚያሻክረውን ዲስቶርሽን ስጨምርበትማ ጩኸቱ ከዜማው ጋር ሊፎካከር ደረሰ። በዚያ ምሽት የወሰድኩት እርምጃ ብዙ ሰው የሚወስደው ነው፤ መቅረጫ ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለውን፣ ድምፅ ከተወሰነ መጠን ሲወርድ የሚዘጋውን ኖይዝ ጌት ከፍቼ ዝምታዎቹን በግድ ጸጥ አሰኘኋቸው። ውጤቱ ከጩኸቱ የባሰ ነበር፤ እያንዳንዱ ኖታ መጨረሻው እየተቆረጠ፣ ገና እየሞተ ሳለ ድንገት ይጠፋ ጀመር።

በቀጣዮቹ ሳምንታት አዲስ ኬብል ገዛሁ፤ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን የጊታሩን ፒክአፕ ለማስቀየር አሰብኩ፤ ጊታሩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘውን የድምፅ ካርድም እስከ መጠርጠር ደረስኩ። ኬብሉ ጥቂት ለውጥ አመጣ፤ ያ ጥቂት ለውጥ ደግሞ ትክክለኛው መንገድ ላይ ያለሁ አስመሰለኝ። ስሕተቴ ጩኸቱን እንደ አንድ ነገር መቁጠሬ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። በዚያ ቀረጻ ውስጥ ቢያንስ አራት ዓይነት ድምፆች ተደራርበው ነበር፤ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸው ምንጭና የየራሳቸው መፍትሔ ነበራቸው። አንዱን ባስወገድኩ ጊዜ የቀሩት ሦስቱ ቦታውን ስለሚሸፍኑት ምንም ያልተለወጠ እየመሰለኝ፣ የሠራውን መፍትሔ ጥዬ ወደ ሌላ እሄድ ነበር።

ስለዚህ መጠገኑን ትቼ ማዳመጥ ጀመርኩ። ጊታሩን ስጫወት እንደምይዘው ይዤ፣ ክሮቹን በመዳፌ አፍኜ፣ ምንም ሳልጫወት ግማሽ ደቂቃ ያህል ቀረጽኩና በሄድፎን ከፍ አድርጌ ደጋግሜ ሰማሁት። ከሁሉ በታች እምም የሚል ወፍራምና የማይለዋወጥ ድምፅ ነበር። በላዩ ላይ ጥዝ የሚል፣ ጠርዙ ሻካራ የሆነ ሌላ ድምፅ ነበር። ሦስተኛው ከሩቅ እንደሚሰማ ዝናብ ሽ የሚል ነበር። አራተኛው ቀጭን ፉጨት ሲሆን፣ በጣም የገረመኝም እርሱ ነው፤ የኮምፒውተሩን ማውስ ባንቀሳቀስኩ ቁጥር ድምፁን ይቀያይራል።

ወፍራሙ እምምታ የመብራት ኃይሉ የራሱ ድምፅ ነው። ወደ ቤታችን የሚገባው ተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ፍሰት በአብዛኛው ዓለም በሰከንድ 50 ጊዜ፣ በሰሜን አሜሪካና በሌሎች አንዳንድ አገሮች ደግሞ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ ይህ ምልልስ በመግነጢስም ሆነ በጋራ ሽቦ በኩል ወደ ጊታሩ መስመር ሲገባ በዚያው ቁጥርና በብዜቶቹ ላይ ይሰማል። ለዚህ ምርመራ ሙዚቀኛ ከሌላው ሰው የተሻለ መሣሪያ አለው፤ ጆሮው ቅኝት ያውቃል። 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ምልልስ) 49 ኸርዝ ላይ ካለው ጂ ከሚባለው ዝቅተኛ ኖታ ትንሽ ብቻ ከፍ ይላል፤ ብዜቶቹ 100፣ 150፣ 200 እና 250 ኸርዝ ደግሞ በቅደም ተከተል ከጂ፣ ከዲ፣ ከጂና ከቢ አጠገብ ይወድቃሉ። ስለዚህ ስድብ ሳወርድበት የነበረው ጉምጉምታ በጥቂቱ ከፍ ብሎ የተቃኘ የጂ ሜጀር ኮርድ ነበር ማለት ነው። 60 ኸርዝ ባለበት አገር የሚቀርጽ ሰው ግን ይህን እንኳ አላገኘም፤ የእርሱ ጉምጉምታ በኤ ሻርፕና በቢ መካከል ተቀምጦ ከሁለቱም ጋር አይስማማም።

ድምፆቹን ከለየሁ በኋላ እያንዳንዱ ከየትኛው የመስመሩ ክፍል እንደሚገባ ለማወቅ ፍተሻውን ከጊታሩ ጀመርኩ። በጊታሩ ላይ ያለው የድምፅ ማዞሪያ ወደ ዜሮ ሲወርድ ፒክአፑ ከመስመሩ ይወጣል፤ ጩኸቱ በዚያን ጊዜ ከጠፋ ምንጩ ከማዞሪያው በፊት፣ ማለትም ፒክአፑና የውስጥ ሽቦዎቹ ያሉበት ነው። ካልጠፋ ደግሞ ኬብሉ፣ በእግር የሚረገጡት የድምፅ መለወጫ ፔዳሎች፣ የድምፅ ካርዱ ወይም ኮምፒውተሩ መጠርጠር አለበት። በእኔ ጊታር ማዞሪያው ዜሮ ላይ ሲደርስ እምምታውና ጥዝታው ጠፉ፤ ፉጨቱ ግን እንዳለ ቀረ። እዚህ ላይ እኔን ያሳሳተኝን ነገር ልጥቀስ፤ ኬብሉን ከጊታሩ ነቅሎ ጫፉን አየር ላይ ትቶ ማዳመጥ ምንም አያስረዳም። ጫፉ ክፍት የሆነ ኬብል ራሱ አንቴና ስለሚሆን ፍጹም ጤነኛው ኬብል እንኳ ይጮኻል፤ እኔ ግን በዚህ ምክንያት አንድ ደህና ኬብል ጥያለሁ።

ሁለተኛው ፈተና ክሮቹን መንካት ነው። በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ክሮቹ በድልድዩ በኩል ከግራውንድ፣ ማለትም ከመስመሩ የጋራ መመለሻ ሽቦ፣ ጋር ስለሚገናኙ፣ እጃችን ሲነካቸው ሰውነታችንም አብሮ ግራውንድ ይሆናል። እጅ ሲያርፍ ጩኸቱ የሚቀንስ ከሆነ፣ ሰውነታችን በዙሪያው ካሉት ሽቦዎች የሚለቅመውን የኤሌክትሪክ መስክ ወደ ጊታሩ እያስተላለፈ ነበር ማለት ነው፤ ይህ ብዙዎች እንደሚፈሩት የብልሽት ምልክት ሳይሆን የክሮቹ ግራውንድ እየሠራ መሆኑን የሚያሳይ ነው፤ ሆኖም የጊታሩ ውስጥ በደንብ አለመሸፈኑንም ይናገራል። እጅ ሲያርፍ ጩኸቱ የሚጨምር ከሆነ ግን የግራውንድ ሽቦ ተቆርጧል ወይም ሽቦዎች ተገለባብጠው ተገናኝተዋል። መንካቱ ምንም ለውጥ ሳያመጣ ጊታሩን ማዞር ብቻ ለውጥ የሚያመጣ ከሆነ ነገሩ የመግነጢስ ነው።

ፉጨቱን ያገኘሁት በመጀመሪያው ቀን ነው። ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ነቅዬ በባትሪ ብቻ ስቀርጽ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ያን ያህል ቀላል መሆኑ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አናደደኝ። የላፕቶፕ ቻርጀር ኤሌክትሪኩን በሰከንድ በብዙ አሥር ሺዎች ጊዜ እየቆራረጠ ስለሚለውጥ የጩኸት ምንጭ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሥራ በበዛበትና በቀነሰ ቁጥርም የሚስበው ኃይል ይለዋወጣል፤ ይህ ሁሉ በዩኤስቢው የግራውንድ ሽቦ በኩል ወደ ድምፅ ካርዱ ይደርሳል። ማውሱን ሳንቀሳቅስ ፉጨቱ የሚቀያየረውም ለዚህ ነበር። በባትሪ መቅረጽ ለማይመቸው ሰው የራሱ ኃይል ያለው የዩኤስቢ ማከፋፈያ ወይም በኮምፒውተሩ ሌላ ጎን ያለ ቀዳዳ ሊረዳው ይችላል፤ እኔ ግን ከመቅረጼ በፊት ባትሪውን ሞልቼ ቻርጀሩን መንቀል ለምጃለሁ።

ከዚህ ጋር የሚቀራረብና ብዙ ሰው የሚያደናግር ሌላ ጉዳይ አለ፤ እርሱም የግራውንድ ዙር የሚባለው ነው። የጊታሩን ድምፅ ማጉያ፣ አምፑን፣ ከድምፅ ካርዱ ጋር በኬብል ባገናኘሁበት ጊዜ እምምታው በእጥፍ ጨመረ። ምክንያቱ አምፑ በአንድ ሶኬት፣ ኮምፒውተሩ በሌላ ሶኬት ከመሬት ጋር ተገናኝተው ሳለ እኔ በኬብሉ ሽፋን በኩል እንደገና አገናኘኋቸው፤ በሁለቱ የመሬት ነጥቦች መካከል ያለው ትንሽ የቮልቴጅ ልዩነት በኬብሉ ሽፋን ውስጥ ፍሰት አስነሣና ፍሰቱ ድምፅ ሆነ። ሁለቱንም ከአንድ ኤክስቴንሽን ላይ መሰካት አብዛኛውን አስወገደልኝ፤ የቀረውን በመካከላቸው ያስገባሁት ትራንስፎርመር ያለው ዲአይ ቦክስ ግራውንዱን በመለየት ጨረሰው። የአምፑን የኧርዝ (የመሬት) እግር መቁረጥ ወይም በፕላስተር መሸፈን ጩኸቱን ያጠፋል የሚል ምክር የሰማ ሰው ካለ ምክሩን ፈጽሞ እንዳይቀበል እለምናለሁ። አዎን፣ ጩኸቱ ሊጠፋ ይችላል፤ ነገር ግን የጊታሩ ክሮች ከአምፑ ብረት አካል ጋር የተገናኙ ናቸው፤ አምፑ ውስጥ አንድ ሽቦ ቢላቀቅ ያ ኧርዝ ካልኖረ ቀሪው መንገድ በተጫዋቹ እጅ በኩል ነው። ዙሩ መቆረጥ ያለበት በድምፅ መስመሩ ላይ እንጂ በኃይል መስመሩ ላይ አይደለም።

እምምታው ከሁሉ ይልቅ አስቸገረኝ፤ ምክንያቱም ምንጩ የጊታሬ ተፈጥሮ ነበር። ጊታሬ ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል) ፒክአፕ ያለው ነው። ይህ ፒክአፕ በመግነጢስ ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ የተጠመጠመ ከጸጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ነው፤ የክሩን ንዝረት የሚሰማበት ጥበብ ራሱ በአካባቢው ያለውን ማንኛውንም ተለዋዋጭ መግነጢስ እንዲሰማ ያስገድደዋል፤ የትኛው ከክሩ፣ የትኛው ከግድግዳው ሽቦ እንደመጣ የሚለይበት መንገድ የለውም። ይህን ችግር በጊብሰን ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሴት ላቨር የሚባል መሐንዲስ የፈታበት መንገድ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ሁለት ጥቅሎችን ጎን ለጎን አድርጎ፣ የአንዱን መግነጢስም ሆነ የጥቅሉን አቅጣጫ ከሌላው ገለበጠው፤ ከክሩ የሚመጣው ድምፅ ሁለት ጊዜ ስለተገለበጠ ተመልሶ ይደመራል፤ ከውጭ የሚመጣው እምምታ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ስለተገለበጠ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ፓተንቱን እ.ኤ.አ. በ1955 ጠይቆ በ1959 ተሰጠው፤ ስሙም ሀምባከር ሆኖ ቀረ። ሦስት ሲንግል ኮይል ያላቸው ብዙ አዳዲስ ጊታሮችም የመካከለኛው ፒክአፕ ተገልብጦ ስለሚጠመጠም፣ መምረጫው በሁለተኛውና በአራተኛው ቦታ ላይ ሲሆን እንደ ሀምባከር ጸጥ ይላሉ። የእኔ ጊታር ግን ከእነዚያ ወገን አይደለም።

ስለዚህ ያለኝ አማራጭ ከመግነጢሱ መሸሽ ነበር። ሽሽቱ ከጠበቅሁት በላይ ሠራ። የመግነጢስ መስክ አቅጣጫ ስላለው ጊታሩን በያዝኩበት ቀስ እያልኩ ስዞር እምምታው ከፍ ይልና ዝቅ ይላል፤ በአንድ ማዕዘን ላይም ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ከኮምፒውተሩ፣ ከሞኒተሩና በተለይ ትልልቅ ትራንስፎርመር ካላቸው ዕቃዎች ሁለት ሜትር ያህል ርቄ፣ ያ ማዕዘን የትኛው እንደሆነ ካገኘሁ በኋላ የወንበሩ እግሮች የሚያርፉበትን ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አደረግሁ። ርቀቱ ረዘም ያለ ኬብል ይጠይቃል፤ ኬብል በሜትር ወደ 100 ፒኮፋራድ የሚጠጋ ኤሌክትሪክ የማጠራቀም አቅም (ካፓሲታንስ) ስላለው ሲረዝም ከፍተኛ ድምፆችን ያደበዝዛል፤ ሆኖም ከሦስት ሜትር ወደ ስድስት ሜትር መሄድ በእኔ ጆሮ ከእምምታው ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም።

ጥዝታውን ያመጣው በሌላ ክፍል ያለ የመብራት ዲመር ነበር። ዲመር የኤሌክትሪኩን ሞገድ በእያንዳንዱ ግማሽ ዙር እየቆረጠ ብርሃኑን ስለሚቀንስ፣ በ50 ኸርዝ መስመር ላይ በሰከንድ 100 ጊዜ ስለታም ጠርዝ ይፈጥራል፤ ያ ስለት ነው ጥዝ የሚለው። በሩን ዘግቶ መቀመጥ ዋጋ የለውም፤ የሚጓዘው በሽቦው ነው። መብራቱን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ይበቃል። በነገራችን ላይ በስልክ አጠገብ ሲቀረጽ የሚሰማው የተቆራረጠ ትርታ ደግሞ የጂኤስኤም ስልኮች በሰከንድ 217 ጊዜ እያቋረጡ ከማሰራጨታቸው የሚመጣ ነው፤ ስልኩን ከክፍሉ ማውጣት መድኃኒቱ ነው።

ጊታሩን በከፈትኩበት ጊዜ ሁለት ነገር አገኘሁ። የመጀመሪያው ኬብሉ የሚሰካበት የጃኩ ዳዶ ላልቶ ጃኩ በዞረ ቁጥር የግራውንዱ ሽቦ እየተጠማዘዘ ብየዳው መሰንጠቁ ነበር፤ አልፎ አልፎ ሲንቋቋ የነበረው እርሱ ነው። በድጋሚ በየድኩትና ዳዶውን አጠበቅሁት። ሁለተኛው የፒክአፖቹና የማዞሪያዎቹ ጉድጓድ ባዶ እንጨት መሆኑ ነው። ሙጫው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ የመዳብ ቅጠል ገዝቼ ጉድጓዱን በሙሉ አለበስኩት፤ ቁርጥራጮቹ እርስ በርስና ከግራውንዱ ጋር መገናኘታቸውንም በቴስተር አረጋገጥኩ። ግማሽ ቀን የፈጀ ሥራ ነበር፤ ክሮቹን ስነካና ስለቅ ይሰማ የነበረው ልዩነት ከዚያ በኋላ እምብዛም አይታወቅም። እምምታው ግን ፈቀቅ አላለም፤ መዳብ የኤሌክትሪክ መስክን እንጂ የመብራት ኃይል መግነጢስን አያግድምና። ይህን ልዩነት ሳያውቁ ጊታራቸውን ከፍተው መዳብ ካለበሱ በኋላ የሚያዝኑ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ፔዳሎችን በተመለከተ የምለው አጭር ነው። ሁሉንም በአንድ ቻርጀር ላይ በሰንሰለት ማያያዝ፣ በተለይ ዲጂታል ፔዳል ሲቀላቀልበት፣ የአንዱን ጩኸት ለሌላው ማከፋፈል ነው። አንዱን ፔዳል በ9 ቮልት ባትሪ አሠርቶ መሞከር ጥፋተኛውን ለመለየት ይበቃል፤ ዘላቂው መፍትሔ መውጫዎቹ እርስ በርስ የተለያዩ የኃይል ምንጭ ነው።

ሽ የሚለውን ድምፅ በተመለከተ ግን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አይቻልም። በማንኛውም ሬዚስተር ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች በሙቀት ምክንያት ይንቀጠቀጣሉ፤ የፊዚክስ ሊቁ ጆንሰን ለክቶ እ.ኤ.አ. በ1928 ያሳተመውና ባልደረባው ናይክዊስት በዚያው ዓመት የተነተነው ይህ ንዝረት በተጎላ ቁጥር ይሰማል። ሊደረግ የሚችለው ሳያስፈልግ አለማጉላት ነው። ጊታሩን በድምፅ ካርዱ የጊታር መግቢያ ላይ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ወደ 1 ሜጋ ኦም በሚጠጋው ላይ፣ ሳይሆን ወደ 10 ኪሎ ኦም በሆነው የላይን መግቢያ ላይ የሚሰካ ሰው ድምፁ ደብዝዞና ደክሞ ስለሚገባ ጌይኑን (የማጉያ መጠኑን) እስከ ጥግ ያነሣል፤ ከእርሱ ጋር ሽ የሚለው ድምፅም ይነሣል። እኔ ለአንድ ወር ያህል እንዲህ ስቀርጽ ቆይቻለሁ፤ በመግቢያው አጠገብ ያለች ትንሽ ቁልፍ አለመጫኔ ነበር ምክንያቱ። በ24 ቢት ሲቀረጽ ከፍተኛው ነጥብ ከዜሮ፣ ማለትም ከጣሪያው፣ 12 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ያህል ዝቅ ቢል ምንም አይጎዳም፤ ወደ ቀዩ መብራት መጠጋት የ16 ቢት ዘመን ልማድ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ከሚሰጠው ምክር ጋር አልስማማም። ጩኸት ከበዛ ጌይን ቀንስ ይባላል። በድምፅ ካርዱ ላይ ያለውን ጌይን መቀነስ በፒክአፑ የገባውን እምምታም ዜማውንም እኩል ስለሚያወርድ በመካከላቸው ያለው ርቀት ያው ነው። የዲስቶርሽን ጌይን ግን ሌላ ነገር ነው። ዲስቶርሽን ትልልቁን ድምፅ ጣሪያ ላይ አቁሞ ትንንሹን ያሳድጋል፤ 40 ዴሲቤል ሲጨምር ጣሪያው ያልነካው ጩኸት 100 እጥፍ ያድጋል። አንድን ሪፍ (አጭር ተደጋጋሚ ዜማ) አራት ጊዜ ደራርቤ ስቀርጽ ሽ የሚለው ድምፅ በ6 ዴሲቤል እንደሚጨምር ካወቅሁ ወዲህ በእያንዳንዱ ላይ ዲስቶርሽኑን እቀንሳለሁ፤ አራቱ ሲደመሩ ውፍረቱ አይጎድልም።

በማይክሮፎን ከአምፕ ፊት የሚቀርጽ ሰው ከዚህ ሁሉ በላይ የክፍሉን ድምፅ ይጋፈጣል። የማይክሮፎኑን ጀርባ ወደ ኮምፒውተሩ ማራገቢያ ማዞር ብዙ ይረዳል፤ ካርዲዮይድ የሚባለው፣ በፊት ለፊቱ ያለውን ለመስማት የተሠራ ማይክሮፎን ከጀርባው የሚመጣውን በጣም ትንሽ ነው የሚሰማውና።

ኖይዝ ጌቱን የመለስኩት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። የሚዘጋበትን የድምፅ መጠን ከቀረው ጩኸት ጥቂት ዴሲቤል ብቻ ከፍ አደረግሁት፤ የሚከፈትበትን መጠን ከሚዘጋበት በላይ አስቀመጥኩት፤ አዘጋጉንም አዘገየሁት። ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ጌቱ ዲስቶርሽን የገባበትን ሳይሆን ንጹሑን የጊታር ድምፅ እየሰማ እንዲከፈትና እንዲዘጋ ማድረጌ ነው፤ በዲስቶርሽን ውስጥ ጩኸትና እየሞተ ያለ ኖታ አንድ ዓይነት መጠን ስለሚኖራቸው ጌቱ ሊለያቸው አይችልም፤ በንጹሑ ላይ ግን ልዩነታቸው ግልጽ ነው። 50 ኸርዝን በማጣሪያ ማውጣት ጉዳት የለውም፤ በተለመደው ቅኝት የጊታር ዝቅተኛ ክር 82 ኸርዝ ላይ ነው የሚጀምረው። 100 ኸርዝን ማውጣት ግን በጂ ዜማ ላይ ድምፁን ማጎድጎድ ነው፤ ያ ማጣሪያ ከጉምጉምታው ጋር ዝቅተኛውን ጂ ይበላል። ጩኸቱን ናሙና ወስዶ የሚቀንስ ሶፍትዌርም ይሠራል፤ ናሙናው ግን በዚያው ወንበር፣ በዚያው አቅጣጫ፣ በዚያው ጌይን የተቀዳ መሆን አለበት፤ ከልክ በላይ ከተገፋም ድምፁ ውሃ ውስጥ የገባ ይመስላል።

ያን አጭር ዜማ ባለፈው ሳምንት እንደገና ቀረጽኩት። ጌቱን ከሥራ ውጭ አድርጌ ስለካው ዝምታው ከመጀመሪያው ቀረጻ በ20 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሏል። አሁን በኖታዎቹ መካከል የሚሰማው ጣቴ በወፍራሞቹ ክሮች ላይ ሲንሸራተት የሚያሰማው ጭረትና ሳላፍናቸው የቀሩ ክሮች ቀስ ብለው የሚያሰሙት ንዝረት ነው፤ ድሮ እምምታው ሸፍኖልኝ ነበር። በየቀኑ ሩብ ሰዓት ያህል የማልመታቸውን ክሮች በመዳፌ ማፈን እየተለማመድኩ ነው።